የበርበሬ ሳል

እኔ ዘነዘናዬን ሳነሣ ግቢው ሁሉ ያነጥስ ነበር። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ በሚገኝ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ስድስት ቤት ሆነን እንኖራለን፤ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ለሁላችን። የእኔ እንጀራ በርበሬ ነው። ዛላውን እቀነጥሳለሁ፣ አምሰዋለሁ፣ እወቅጠዋለሁ፤ ደንበኞቼ ከጠመንጃ ያዥ እስከ ሜክሲኮ ናቸው። ሙቀጫው አንዴ ዱብ ሲል ጎረቤቶቼ በየቤታቸው ያነጥሳሉ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ "ይማራችሁ!" እላለሁ፣ ከዚያ እኔም እስላለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን። በእኛ ግቢ ሳል ወሬ አልነበረም።

ወሬ የሆነው የልጅ ልጄ ስትስል ነው።

ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቷ አሰብ ወደብ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ለእኔ ተወችልኝ፤ በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ፣ ሁለት ድመት መስለን እንኖራለን። በቀበሌው የሕፃናት ኪነት ውስጥ እስክስታ የምትወርደው እሷ ነች። የሌሎቹ ልጆች ትከሻ ይንቀሳቀሳል፤ የእሷ ግን የራሱ ነፍስ ያለው ይመስል ነበር። በአዳራሹ ያየኋት ቀን አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ ሳላውቀው ጭኑን በጥፊ መትቼው ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ትከሻዋ ይሳሳ ጀመር። ስትነቃ ሸሚዟ ከቧንቧ ሥር የወጣ ይመስላል። ምሳዋን ግማሹን ለግቢያችን ድመት ታካፍላለች። ትስላለች፤ እኔም "በርበሬው ነው፣ ውጪ ወጥተሽ ተጫወቺ" እላታለሁ። ሰኔ ላይ ግን በልምምድ መሀል ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ አለች። ያን ቀን ሙቀጫዬን ደፍቼ እጇን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለን ድሬሰር አንገቱ ረጅም፣ ነጭ ጋውኑ ሁለት ቁልፍ የጎደለው ወጣት ነበር። ክንዷን ትንሽ ወጋት፤ በሦስተኛው ቀን ስንመለስ የተወጋችበት ቦታ እንደ ሳንቲም አብጧል። ራጅ አስነሣት። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ፦

"እናቴ፣ ይሄ የሳንባ ነቀርሳ ነው" አለ።

እኔ ባደግኩበት አገር ይህ ስም በሹክሹክታ ነው የሚጠራው። ዘወር ብዬ በሩ መዘጋቱን አየሁ።

"ቀስ በል አንተ! ሰው ይሰማሃል።"

"ይስማ! ይድናል እኮ። ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ ኪኒን እስከ ዓመት። አንድ ቀን ግን አይዘለልም።"

ልጅቷ ጣቷን አወጣች፣ ትምህርት ቤት ያለች ይመስል።

"ለመስከረሙ በዓል ኪነታችን ያሳያል። እደንሳለሁ ወይስ አልደንስም?"

ድሬሰሩ ሳቀ። በጣቱ ወራቱን ቆጠረ። "መርፌሽን አንድ ቀን ሳታጎድዪ ከጨረስሽ፣ ኪሎሽም ከጨመረ፣ ለኪነት ኃላፊሽ በገዛ እጄ ወረቀት እጽፍልሻለሁ። አንድ ነገር ግን አለ።" አሁን ወደ እኔ ዞረ። "ልጅ ከልጅ እምብዛም አይይዘውም እናቴ። ልጅን የሚያስይዛት ትልቅ ሰው ነው። አጠገቧ የሚያስለው ትልቅ ሰው አለ ማለት ነው። እሱ ካልተገኘ እኔ እዚህ ሳድናት እሱ እዚያ መልሶ ያስይዛታል። እሱ ሳይገኝና ሳይታከም ወረቀት አልጽፍም። ማን ነው የሚያስለው?"

"አውቀዋለሁ!" አልኩ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ።

"ማን ነው?"

"ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊው!"

ይህን ስናገር እየሳልኩ ነበር። ሁለታችንም ልብ አላልነውም።

የዚያን ቀን ከሰዓት ከኪነቱ ኃላፊ ጋር ተፋጠጥን። መልካም ልጅ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀት ይወዳል።

"እማማ፣ የብዙኃኑ ልጆች ጤና ይቀድማል። ከጤና ጣቢያ ማስረጃ እስክታመጣ ከመድረክ ታርፍ" አለኝ።

"ድሬሰሩ ልጅ ከልጅ አይይዘውም ብሏል!"

"እሱንም በወረቀት ያምጡልኝ።"

"ጓድ ልጄ፣ አንተ ስትወለድ እናትህ ወረቀት ጽፋልህ ነው የወጣኸው?"

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ ግን አልበገር አለ። የልጅ ልጄ በአዳራሹ መስኮት በኩል ጓደኞቿን እያየች ቆመች፤ እግሯ መሬት ላይ ሆኖ ትከሻዋ ብቻ ቀስ እያለ ከከበሮው ጋር ይሄዳል። በዚያች ደቂቃ ማልኩ። ያቺ ወረቀት ትገኛለች፤ ልብስ ሰፊውን በጆሮው ጎትቼም ቢሆን።

ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀኝ። ከቧንቧው አጠገብ በጋራ የምንጠጣበት ባልዲና በላዩ የተደፋ ኩባያ ነበረ። ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ሁለተኛ ኩባያ ተጨምሯል፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። የማዕዘኑ ቤት ሴትዮ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

"እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ይቺ የልጅቷ ትሁን። ለደኅንነት ነው።"

ልጅቷ ክሩን አየች።  የመለስኩት እኔ ነኝ።

"ለደኅንነት ነው? ጎሽ! እንግዲያው ደኅንነቱ ለአንዷ ብቻ አይሁን። ለአንዱ ከሆነ ለሁሉም ነው!"

ቀጥ ብዬ ልብስ ሰፊው ቤት ገባሁ። ቤቱና ቤቴ በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ከወሎ የመጣ፣ በእድሜ ከእኔ ትንሽ የሚያንስ፣ ቀኑን ሙሉ በሲንጀሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ነው። ስገባ ሳለ። በልቤ "አገኘሁህ" አልኩ፤ በአፌ ግን፦

"ወንድምዓለም፣ የክር ቁርጥራጭ ስጠኝ። በየቀለሙ።"

"ለምን ይሆን እትዬ?"

"ለፍትሕ።"

ሳይስቅ አንድ እፍኝ ክር ሰጠኝ። እስኪመሽ ድረስ ከስድስቱ ቤት ያለውን ኩባያ ሁሉ ሰብስቤ እጀታ እጀታው ላይ አሰርኩ፤ ለአንዱ አረንጓዴ፣ ለአንዱ ቢጫ፣ ለአንዱ ወይን ጠጅ። የባልዲያችን ዙሪያ ለሠርግ ያጌጠ በቅሎ መሰለ። የግቢው ልጆች በቀለም ተጣሉ፤ ሁሉም ቀዩን ፈለገ። የልጅ ልጄ ግን "ቀዩ የኔ ነው፣ መጀመሪያ የታሰረው ለእኔ ነው" ብላ ኩባያዋን ደረቷ ላይ አቀፈች፤ ከሰዓት ያሳፈራት ክር ማታ ሌሎቹን የሚያስቀና ሆነ።

መርፌው ተጀመረ። እኔ ደግሞ አደኔን ጀመርኩ። በራፌ ላይ ተቀምጬ፣ ሙቀጫዬን በጉልበቶቼ መሀል አድርጌ፣ ሦስት ሰፌድ ዘረጋሁ፤ አንዱ ለልብስ ሰፊው፣ አንዱ ለማዕዘኗ ሴትዮ፣ አንዱ ለባሏ። አንዱ ሲስል በሰፌዱ ላይ አንድ ዛላ እጥላለሁ። እየወቀጥኩ እቆጥራለሁ፣ እየቆጠርኩ እወቅጣለሁ። በሳምንቱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልብስ ሰፊው ሰፌድ ተራራ ሆነ። ሰፌዱን ተሸክሜ ገባሁበት።

"ወንድምዓለም፣ ትስላለህ።"

"እስላለሁ እትዬ።"

"ዛሬ ብቻ አርባ ሦስት ጊዜ ስለሃል።"

መርፌውን ከጨርቁ ላይ አነሣ። "ቆጠሩኝ?"

"በዛላ ቆጥሬሃለሁ። እያቸው።"

ዛላዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ግድግዳውን አየ። "የቆጠሩኝ በርበሬ እየወቀጡ ነው?"

"ታዲያ ሥራ ልፍታልህ?"

"ወላሂ፣ እርስዎ ሲወቅጡ ድመቷም ትስላለች። እሷንስ ቆጠሯት?"

"ድመቷ ስድስት!" አለች የልጅ ልጄ ከኋላዬ። ለካ አራተኛ ሰፌድ ነበራት።

ልብስ ሰፊው መቀመጫው ላይ ወደ ኋላ ተንጋሎ ሳቀ፣ ከዚያ እንደገና ሳለ፣ እኔም ሳልኩ። እንባውን ሲጠርግ ቆይቶ ቀና አለ።

"ለልጅቷ ከሆነ ለምርመራ አክታዬን እሰጣለሁ። ነገር ግን ብቻዬን አልሰጥም። ባለፈው ሳምንት 'ለአንዱ ከሆነ ለሁሉም' ብለው ክሬን ጨረሱት። አሁንስ?"

ያዘኝ። ሰው በራሱ ቃል ሲያዝ እንዴት እንደሚያሳክክ የሚያውቅ ያውቀዋል።

"ሁላችንም እንሰጣለን" አልኩ።

"እርስዎም?"

"እኔማ የበርበሬ ሳል ነው ያለኝ! ነገር ግን ለአርአያነት መጀመሪያ የምሰጠው እኔ ነኝ።"

ድሬሰሩ ክዳን ያላቸው ሰባት ትንንሽ ዕቃዎች ሰጠኝ። አክታው ጠዋት፣ አፍ ሳይጉመጠመጡ፣ ከምራቅ ሳይሆን ከደረት ሥር መውጣት አለበት አለ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደልና ቁጥር ከለየሁ ብዙ አልቆየሁም ነበርና ቁጥሮቹን እኔ ልጻፍ ብዬ አስቸገርኩት። ከአንድ እስከ ሰባት፣ ጥርት አድርጌ ጻፍኩ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ የግቢውን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ቧንቧው ጋ አሰለፍኩ። ዝናቡ አባርቷል። ቁጥር አንድን አንሥቼ አንዴ ጎርነን ብዬ ብስል ዕቃው ሞላ።

"እንዲህ ነው የሚደረገው!" አልኩ። ኮራሁ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ፊቴን በነጠላ እሸፍናለሁ።

የሌሎቹ ግን አልመጣ አለ። የማዕዘኗ ሴትዮ "እህ፣ እህ" ስትል ቆይታ ሳቅ ቀደማት። ባሏ ፊቱ ቲማቲም እስኪመስል ታገለ። ልብስ ሰፊው፣ አርባ ሦስት ጊዜ የሳለው ሰውዬ፣ ጉሮሮው እንደ በረሃ ደረቀ።

"ያ ሁሉ ሳልህ የት ሄደ?" አልኩት።

"እትዬ፣ ያለ ሙቀጫው አይሆንልኝም። እባክዎ ያንሡልኝ።"

ሙቀጫዬን ቧንቧው ሥር አቆምኩና በዚያ ማለዳ በርበሬ ወቀጥኩላቸው። ዱብ! ዱብ! ሁሉም በአንድ ጊዜ ከደረቱ ሥር ሳለ። አንዱ ዕቃውን ይለምናል፣ አንዱ ክዳኑን ይፈልጋል፣ ድመቷ ጣራ ላይ ወጣች። የልጅ ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትንከተከታለች። በዚያ ግቢ ውስጥ ሃያ ዓመት ስኖር እንደዚያ ያለ ጠዋት አላየሁም።

ዕቃዎቹን በዘንቢል ደርድሬ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኳቸው። ወሩ የገባበት ቀን ነው፤ ልደታ ነች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውታል። አንዲት በመልክ የማውቃት ሴትዮ ዘንቢሌን አየችና ፊቷ በራ።

"እትዬ፣ ጽዋው ዛሬ የእርስዎ ተራ ነው እንዴ?"

አፌን ሳልከፍት ጎንበስ ብላ የዘንቢሉን እጀታ ሳመችው።

"የ... የግቢያችን ነው" አልኩ።

"ለከርሞ ለእኛም ያድርሰን!"

"አያድርስብሽ!" ልል ምላሴ ላይ ደረሰ። የልጅ ልጄ አጥር ተደግፋ መሄድ አቃታት። እኔ እሷን እየጎተትኩ፣ ዘንቢሉን ከሰው መሳለም እየጠበቅኩ ጤና ጣቢያ ገባሁ።

በውጤቱ ቀን ድሬሰሩ ሁለታችንን አስቀመጠን።

"ከሰባቱ ስድስቱ ንጹሕ ነው።"

"አንዱ የልብስ ሰፊው ነው፤ ምስኪን" አልኩ። "አልቆጣውም። እኔ ራሴ በየቀኑ ይዤው እመጣለሁ።"

"እናቴ፣ ቁጥር አንድ ማን ነው?"

"ቁጥር አንድማ መጀመሪያ የሰጠው ነዋ!"

"መጀመሪያ የሰጠው ማን ነው?"

 የልጅ ልጄ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ።

"እማዬ... ለአርአያነት..." አለች።

"የበርበሬ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "ሃያ ዓመት ስዬአለሁ! የበርበሬ ነው፣ እንደገና ይታይ!"

እንደገና ታየ። ድሬሰሩ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብሎ፣ በርበሬ እንዲህ ያለ መልክ የለውም አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፤ የዘንድሮው ሳል የድሮው ነው? አሰብኩ። የዘንድሮው አክታ አለበት። ቀሚሴ ሰፍቶኝ መቀነቴን ሁለቴ እዞረዋለሁ፤ ጾም ነው እያልኩ። ማታ ያልበኛል፤ እድሜ ነው እያልኩ። ልጅቷ በየቀኑ ጀርባዬ ላይ ተለጥፋ ስትተኛ የተነፈሰችው የእኔን ትንፋሽ ነው። የሰው ሳል በሰፌድ ስቆጥር ለራሴ ሳል አንድ ዛላ አልጣልኩም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እጄን ከእጇ አወጣሁ። እሷ ግን መልሳ ያዘችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ሳቅ ይንተከተካል።

"እማዬ፣ እንግዲህ አብረን እንወጋለን! እኔ አሳይሻለሁ። ቂጥሽን ካላላሽው አያምም፤ ካጠነከርሽው ግን ወየውልሽ!"

ድሬሰሩ ፊቱን በወረቀት ሸፈነ። እኔም አንድ ዓይኔ እያለቀሰ በሌላው ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ መደበቅ ይቻል ነበር። ብዙ ሰው ይደብቃል። እኔ ግን የሰውን ሁሉ አክታ በአደባባይ ሰብስቤ የራሴን በጓዳ ብሸሽግ የትኛው ፍትሕ ነው? ቧንቧው ጋ ቆሜ ሙቀጫዬን ሦስት ጊዜ መታሁ፤ ሁሉም ብቅ አለ።

"ስፈልገው የነበረው ሰው ተገኝቷል። እኔ ነኝ።"

ቀዩን ክር ከልጅቷ ኩባያ ፈትቼ ከእኔ ላይ አሰርኩት። እሷ አኮረፈች፤ ቀለሟን ስለወሰድኩባት ነው። ከዚያ ልብስ ሰፊው ፊት ቆምኩ።

"ወንድምዓለም፣ በድዬሃለሁ። ካሳህን ጥራ።"

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ካሳውን የሚለካ ይመስል ዘረጋው።

"አርባ ሦስቱን ዛላ ወቅጠው ይስጡኝ" አለ። "በደንብ የላመ ይሁን።"

የዚያን ዕለት ግቢው ሁለተኛ ጊዜ በሳቅ ታመመ። እሱ ደግሞ ከተረፈው ካኪ አፍና አፍንጫዬን የምሸፍንበት ሰፋልኝ፤ ሳደርገው ሽፍታ መሰልኩ። ድሬሰሩ ለጥቂት ሳምንት ለየብቻ ተኙ፣ መስኮት ክፈቱ ብሎን ስለነበር የማዕዘኗ ሴትዮ፣ ያቺው ቀይ ክር ያሰረችው፣ ሳልጠይቃት መጥታ የልጅቷን ብርድ ልብስ ጠቀለለች።

"እኔ ዘንድ ትተኛለች። ክሩን ያሰርኩት እኔ አይደለሁ? እንግዲህ ልክፈልበት።"

ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ በአንድ ጃንጥላ ሥር ጭቃውን እየዘለልን አብረን ሄድን። እሷ ስትወጋ የኪነቱን ዘፈን ታዜማለች። እኔ ስወጋ እጮሃለሁ። መርፌ እፈራለሁ፤ አሁንም እፈራለሁ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ጩኸቴን ሲሰሙ በሳቅ ይንፈራፈራሉ፤ "አሮጊቷ መጡ! አሮጊቷ መጡ!" ይባባላሉ። ድሬሰሩ በሦስተኛው ቀን ጠራኝ።

"እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ የሚወጉት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ከጮኹ በኋላ አንድም ልጅ አያለቅስብኝም።"

ያ አግዳሚ ወንበር ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነበር። አንገቱ ያበጠ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ደብተሩን ይዞ የመጣ፣ ታናሹን ያዘለች። ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም፤ እጠይቃለሁ። "አንተ፣ ቤትህ የሚያስለው ማን ነው?" አንዱ "አጎቴ፣ ግን የሲጋራ ነው" ይላል። አንዷ "አያቴ፣ ግን የጢስ ነው"፤ ሌላው "አባቴ፣ ብርድ መትቶት ነው።" ሁሉም ቤት የየራሱ በርበሬ ነበረው። ልጆቹ መርፌ እየተወጉ ወደዚያው ሳል ይመለሳሉ። ይህ ልክ አይደለም፤ ትልቁ ሰው ለሳሉ ስም አውጥቶለት ሲኖር ትንሹ ለምን ብቻውን ይወጋል? የልጆቹን ሰፈር እየጠየቅኩ ቤታቸው ሄድኩ። "የጢስ ነው" ሲሉኝ "የእኔም የበርበሬ ነበር" እላለሁ፤ የአክታ ዕቃውን አስይዛቸዋለሁ። ከመርፌው የቀረ ልጅ ካለም ድሬሰሩ ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ እኔ በራቸው ላይ ነኝ። ድሬሰሩ "ሥራዬን ወሰዱብኝ" ይላል፤ ግን የአክታ ዕቃ ሳይቆጥር ይሰጠኛል።

ነሐሴ ላይ ለዓመት በዓሉ በርበሬ የሚያስወቅጥ በዛ። አንድ ቀን በካኪ ተሸፍኜ እወቅጣለሁ። ልብስ ሰፊው አነጠሰ። የማዕዘኗ ሴትዮ አነጠሰች። ድመቷ ሳለች። ከዚያ ጸጥ አለ። በግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

"እትዬ! ምነው፣ ደኅና ነዎት?"

"ምን ሆንኩ?"

"አልሳሉም እኮ!"

ዘነዘናዬን ይዤ ቆምኩ። ጠበቅኩት። አልመጣም። አንድ ሙሉ ሙቀጫ ወቅጬ አንዴ ብቻ አነጠስኩ፤ እሱንም በደስታ።

ጳጉሜ ላይ ልጅቷ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ጫማሽን አውልቂ አልኳት፤ ማጭበርበር አልወድም። ድሬሰሩ ብረቱን ገፋ፣ መልሶ ገፋ፣ ጉንጩ ተነፋ። ጨምራለች። ከመርፌዋም አንድ አላጎደለችም። የእኔ አክታ እንደገና ታይቶ ንጹሕ ሆኗል፤ የሚቀረኝን መርፌና የዓመት ኪኒኔን መጨረስ ብቻ ነው። ብዕሩን አነሣ። አንዲት ወረቀት ጻፈ፣ ማኅተም መታባት።

"የእኔንም ጻፍ" አልኩት።

"የእርስዎን ማን ጠየቀ እናቴ?"

"ለአንዱ ከሆነ ለሁሉም ነው።"

ሁለቱን ወረቀት ይዤ ወደ ቀበሌ አዳራሽ ገባሁ። የኪነቱ ኃላፊ እጁን ሲዘረጋ አልሰጠሁትም፤ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት ራሴ አነበብኩለት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየያዝኩ ስለማነብ ረጅም ጊዜ ፈጀ። እሱ ቆሞ ጠበቀ፤ አልቸኮለብኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ስጨርስ ጉሮሮውን ጠራረገና ሳል አደረገው።

ከዘንቢሌ ክዳን ያለው ዕቃ አወጣሁ።

"ጓድ ልጄ፣ ነገ ጠዋት። አፍህን ሳትጉመጠመጥ።"

"እማማ! ትን ብሎኝ እኮ ነው!"

"በወረቀት አምጣልኝ!"

የልጆቹ ሳቅ ጣራውን አነሣው። የልጅ ልጄ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱ ከተነበበ ጀምሮ መድረኩ ላይ ወጥታ ቦታዋን ይዛለች። ኃላፊው በማግስቱ ዕቃውን ይዞ መጣ፤ አክታው ንጹሕ ነበር።

በበዓሉ ቀን ግቢያችን አንድ ረድፍ ሙሉ ያዘ። እኔ መሀል፣ በቀኜ ልብስ ሰፊው፣ በግራዬ የማዕዘኗ ሴትዮና ባሏ። ከበሮው ተመታ፤ ልጅቷ ነጭ ለብሳ ወጣች። ልብሱን የሰፋው ልብስ ሰፊው ነው፤ ትከሻው ላይ ሁለት ጊዜ ማስፋት ነበረበት፣ ሥጋ ስለገዛች። ትከሻዋን ቀስ አድርጋ ጀመረችው። ከዚያ ከበሮው በድንገት ዝም አለ፤ ዘፈኑ እንዲያ ነው፣ መሀል ላይ ሁሉም ጸጥ ብሎ እሷ ብቻ ትንፋሽዋን ይዛ ትቆማለች። በአዳራሹ ትንኝ ስትበር ይሰማል።

በዚያ ጸጥታ ከኋላ አንድ ሰው ሳለ።

የግቢያችን ረድፍ በሙሉ፣ ሳይመካከር፣ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ።

ብድግ አልኩ። "እኔ አይደለሁም!" ብዬ ጮኽኩ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

መድረኩ ላይ ልጅቷ የያዘችው ትንፋሽ በሳቅ ፈነዳ። ከበሮው መቺ ግራ ገብቶት መታ። እሷም እየሳቀች ወረደችው፣ ትከሻዋም ሆዷም አንድ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ሳትስል፣ ትንፋሽ ሳያጥራት፣ ከበሮው መቺ ክንዱ እስኪዝል ድረስ። ሰዉ አዲስ ዓይነት እስክስታ መስሎት አጨበጨበ። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ግማሽ ዓይኔ በእሷ ላይ፣ ግማሹ ከኋላ ያን የሳለውን ሰውዬ እየፈለገ። የአክታ ዕቃው በዘንቢሌ ውስጥ ነበር።